ሀዋሳ ሰው እየበዛባት ነው ወይስ እያጣች? ስድስት ክፍል ሊሠሩ ላሰቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዳቶ በሚገኘው የአባቴ ግቢ ውስጥ ለኪራይ የሚሆኑ ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች ለመሥራት ብድር ልወስድ ነው። አንዱ ወዳጄ ‹ሀዋሳ ሚሊዮን ገብታለች፤ ቤት ሠርቶ የከሰረ የለም› ይለኛል። ሌላው ደግሞ የደቡብ ክልል ቢሮዎች ከወጡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ከተቀዛቀዘ ወዲህ ከተማው ሰው እያጣ ነው ይላል። በሥነ ሕዝብ ባለሙያ ዓይን የማንኛቸው ነው ልክ? የሚመጣው ሰውስ ከየት ነው የሚመጣው? ይቆያል?»

ምላሽ፦

ከሚሊዮኑ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው። ሀዋሳ ቤት ለቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረችው በግንቦት 1999 ነው (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያኔ የከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ 258,808 ተብሎ ተመዘገበ። ይህ ቁጥር በ2017 ሚሊዮን እንዲሞላ 18 ዓመት ሙሉ፣ አንድም ዓመት ሳይደክም፣ በየዓመቱ ወደ 8 በመቶ ማደግ ነበረበት። ሀዋሳ በቆጠራ ከተያዙት ዓመታት ሁሉ በፈጠነችበት ጊዜ እንኳ ከ7 በመቶ አላለፈችም። ሚሊዮን የሚሉ ሰዎች ወይ ሻሸመኔንና ወንዶ ገነትን ጨምረው ይቆጥራሉ፣ ወይ ክብ ቁጥር ይወዳሉ።

ታዲያ ስንት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መነሻውን ሳይጠይቅ ነው። በ1999 ከተቆጠሩት 258,808 ሰዎች ውስጥ በከተማው ውስጥ ይኖሩ የነበሩት 157 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በአስተዳደሩ ሥር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ በተለይ በቱላ በኩል፣ እንሰትና ጫት ይዘው የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። 157 ሺውን መነሻ አድርገን በዓመት 4 በመቶ አደገ ብንል በ2017 ወደ 318 ሺህ ይደርሳል፤ 6 በመቶ ካልን 448 ሺህ ይሆናል። መነሻችን 258 ሺው ከሆነ ግን በ4 በመቶ 524 ሺህ፣ በ6 በመቶ 739 ሺህ ይመጣል። አንድ ከተማ፣ አንድ ቆጠራ፣ ግን ከ318 ሺህ እስከ 739 ሺህ! በየስብሰባው የሚጠቀሱት ቁጥሮች የማይገናኙት ለዚህ ነው። እኔ ለሥራዬ የከተማውን ክፍል በ5 በመቶ፣ የገጠሩን ክፍል በ2.5 በመቶ አሳድጌ እደምራለሁ፤ ግማሽ ሚሊዮንን ትንሽ ያለፈ ቁጥር ይወጣል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ እንደ ቆጠራ ውጤት አይውሰዱት።

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአስር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች የሚጠቀሙበት ቁጥር የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ካወጣው እስከ 2037 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሚዘልቀው ትንበያ የተወሰደ ነው። ትንበያው በተሠራበት ጊዜ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አልተገነባም፤ የሲዳማ ክልል አልነበረም፤ ደቡብ ክልል የሚፈርስ የመሰለው ሰውም አልነበረም። ማለትም እርስዎ የጠየቁኝ ነገር ሁሉ ከትንበያው በኋላ የሆነ ነው። ብድር ሊሰጥዎ የሚያስብ ባንክ «የከተማው ሕዝብ በዚህ ያህል በመቶ ያድጋል» የሚል ወረቀት ቢያሳይዎ ይህን ያስታውሱ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንድ ከተማ በሦስት መንገድ ያድጋል፦ ውስጡ በሚወለደው ልጅ፣ ከውጭ በሚገባው ሰው፣ ወሰኑን ሲያሰፋ በሚውጠው ገጠር። ሀዋሳ በግንቦት 1976 ቆጠራ 36,169 ሰው ነበራት። በጥቅምት 1987 69,169፣ በ1999 ደግሞ የጠቀስኩት 157 ሺህ። በሁለቱም ዘመናት የዓመቱ ዕድገት ከ6 በመቶ በላይ ነው፤ ከተማው በየአስራ አንድ ዓመቱ እጥፍ ይሆናል እንደማለት ነው። በ1999 የአገሪቱ ሕዝብ የሚያድገው በ2.6 በመቶ ነበር። የከተማ እናት ደግሞ ከገጠሯ ያነሰ ትወልዳለች፤ በ2008 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአገር ደረጃ የአንዲት እናት አማካይ 4.6 ልጅ ሲሆን በከተሞች 2.3 ብቻ ነበር። ስለዚህ ከ6 በመቶው ውስጥ በወሊድ የሚመጣው ቢበዛ 2 በመቶ ያህል ነው ብዬ አስባለሁ። የቀረው፣ ማለትም ከዕድገቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው፣ በእግሩ የመጣ ወይም ወሰን ተሻግሮ ያገኘው ሰው ነው። አዲስ ተከራይ ለሚፈልግ ሰው ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሀዋሳ የተወለዱት ልጆች ለረጅም ጊዜ ቤተሰብ ቤት ነው የሚያድሩት።

ይህ የሚገባው ሕዝብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ ለእርስዎ ከጠቅላላ ቁጥሩ ይበልጣል። አንደኛውን የሚያመጣው ውሳኔ ነው። ሁለተኛውን የሚያመጣው የአካባቢው መሬት ጥበት ነው።

ውሳኔ ስል ቀልዴን አይደለም። ሀዋሳ እንደ ብዙ ከተሞቻችን ከገበያ ወይም ከመንገድ መገናኛ ቀስ ብላ የወጣች አይደለችም። በ1952 አካባቢ በመንግሥት ፈቃድ ተቆረቆረች፤ ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ መካከል መሬት የተሰጣቸው ጡረተኛ ወታደሮች ይገኙበታል። ቀጥሎ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ መጣ። የእርሻ ኮሌጁ መጣ፤ በደርግ ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጣ። ከደርግ በኋላ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። በ1992 የእርሻ ኮሌጁን፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅንና ዲላን አጣምሮ የያዘው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ የዛሬው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2008 ፓርኩ ተመረቀ። እያንዳንዱ ውሳኔ ሰው ይዞ ገብቷል፤ ውሳኔ ሲቀየርም ሰው ይዞ ይወጣል።

ከአዳማ ጋር ቢያስተያዩት ይበልጥ ይታያል። አዳማም በ1990ዎቹ ለጥቂት ዓመታት የኦሮሚያ መቀመጫ ሆና ነበር፤ በ1997 መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከተማዋ ግን አልደነገጠችም፤ በ1987 ቆጠራ 127,842 የነበረው ሕዝቧ በ1999 220,212 ደረሰ፤ በዓመት ከ4 በመቶ በላይ ማለት ነው። የጅቡቲ መንገድና ንግዱ እዚያው አሉና። ሀዋሳ በዚያው ዘመን 6.5 በመቶ ያህል ያደገችው መቀመጫነቱ ሳይነካባት ነው። መቀመጫነቱ ሲነካ ምን እንደሚሆን ገና አሁን ነው እያየን ያለነው።

ሁለተኛው፣ የመሬቱ ጥበት፣ ውሳኔ አይጠብቅም። በ1999 የሲዳማ ዞን 2,954,136 ሰው በ6,538 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ይዞ ነበር፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር 452 ሰው። ወላይታ 357፣ ጌዴኦ 700 ገደማ። የአገሪቱ አማካይ ያኔ 67 አካባቢ ነበር። ይህን ያህል ሰው በእርሻ ሊኖር የቻለው በእንሰት ነው፤ በጓሮ ያለ ትንሽ መሬት ቤተሰብ ያበላል። ግን ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ይዞታ ለአራት ወንድ ልጅ ሲከፈል ጓሮም አይሆንም፤ ለሴት ልጆቹማ ድሮም የሚደርስ መሬት የለም። ከሀምሳ ዓመት በፊት ቡና ወዳለበት ወይም ወደ ቆላ መሬት ይሄድ የነበረው ወጣት አሁን የሚሄድበት ባዶ መሬት የለውም፤ ያለው መንገድ ወደ ከተማ ነው። የ1999ኙን ቁጥር አሁን ባለው ሕዝብ ቢተኩት ጥበቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ሀዋሳ መቶ ቢሮ ብታጣ እንኳ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከቦዲቲ፣ ከይርጋ ጨፌ የሚነሳው ሰው አይቆምም። ሩቅ አይደለምና ደግሞ፤ አብዛኛው መጤ በግማሽ ቀን አውቶቡስ ቤተሰቡ ዘንድ መድረስ የሚችል ነው።

የሚመጣው ሰው ማን ነው? በመላ አገሪቱ ከገጠር ወደ ከተማ በሚደረገው ጉዞ ሴቶች ይበዛሉ፤ ዕድሜያቸውም በአብዛኛው ከ15 እስከ 24 ነው። ሀዋሳ ግን በዚህ ዘግይታለች ማለት ይቻላል። በ1999 በከተማ አስተዳደሩ ወንዶቹ 133,123፣ ሴቶቹ 125,685 ነበሩ። አዳማ በዚያው ቆጠራ ሴቶች ይበልጡ ነበር፤ 111,340 ለ108,872። ያኔ ወደ ሀዋሳ የሚጎርፈው የግንባታ ቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ የጋሪ ልጅ፣ በኋላም ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ከወላይታና ከከምባታ በአገር ልጅ ተጠራርቶ የሚመጣ። ሴቶቹ በዘመድ ቤት በኩል ይገቡና ቤት ሠራተኛ ወይም የምግብ ቤት አስተናጋጅ ይሆናሉ። አዲስ ቆጠራ ሲካሄድ የመጀመሪያ የማየው ይህ የወንድና የሴት ሚዛን ነው፤ ተገልብጦ እንደማገኘው አልጠራጠርም። የገለበጠውም ፓርኩ ነው።

ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ዕቅዱ በሁለት ፈረቃ እስከ 60 ሺህ ሠራተኛ መያዝ ነበር። እዚያ አልደረሰም፤ ነገር ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ ከየወረዳው መልምሎ አመጣ። ለእነሱ የሚሆን መኖሪያ ግን አብሮ አልታሰበም። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ክፍል መከራየት ማለት ደባል መሆን ነው፤ አራት ልጆች በአንድ ክፍል፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንዷ የቀን ፈረቃ ስትሄድ ሌላዋ የምትተኛበት። ይኸው ጥናት ሌላም ነገር አገኘ፤ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ ይተኩ ነበር። ይህን አንቀጽ ሁለቴ ያንብቡት፤ የጥያቄዎ መልስ ግማሹ እዚህ ውስጥ አለ።

ምክንያቱም «ስንት ሰው መጣ» እና «ስንት ሰው ጨመረ» ፈጽሞ ሁለት ነገር ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ዓመት አሥር ሺህ ሰው ገብቶ ዘጠኝ ሺህ ቢወጣ ከተማው የጨመረው አንድ ሺህ ብቻ ነው። መናኸሪያ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን አሥር ሺህ ሲወርድ ያያል፤ በየግቢው በር «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት የሚያነብ ደግሞ ዘጠኝ ሺህ ሲለቅ ያያል። ወዳጆችዎ የተጣሉት አንዱ ገቢውን፣ ሌላው ወጪውን እያየ ነው። ልጅቷ ስምንት ወር ሠርታ ወደ ይርጋለም ትመለሳለች፣ ወይ ካፌ ትገባለች፣ ወይ ፓስፖርት አውጥታ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች። በእሷ ቦታ እህቷ ወይም የሰፈሯ ልጅ ትመጣለች። ክፍሉ አይዘጋም፤ ስሙ ብቻ ይቀየራል።

የፓርኩ መቀዛቀዝ ታዲያ እውነት ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አገሯ ከሚያስገባው ከአጎዋ ማውጣቷ ሲታወቅ የፓርኩ ትልቁ ገዢና አምራች፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ሥራውን ዘግቶ ወጣ፤ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉም ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ቀረ። ከዚያ በፊት ኮሮናው ነበር። በፓርኩ ዙሪያ ለሠራተኛ ብለው በአንድ ግቢ ሃያ ክፍል የደረደሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ ተጎድተዋል። ከእነሱ ጋር ተነጋግሬ የተረዳሁት ግን የተጎዱት ሁሉም እኩል እንዳልነበሩ ነው። በሙሉ ለፓርክ ልጆች ብቻ ያከራዩት ናቸው ክፍላቸው ለወራት ባዶ የቆየው። ግማሹን ለፓርክ፣ ግማሹን ለባጃጅ ነጂና ለምግብ ቤት ሠራተኛ የሰጡት በጥቂት ሳምንት ተከራይ ተክተዋል።

የቢሮዎቹ ነገር ለየት ይላል፤ እዚህ ያለው ሰው የተለየ ነውና። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ክልል እንዲሆን ተወሰነ፤ ርክክቡ በሰኔ 2012 ተፈጸመ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተለየ። በነሐሴ 2015 የቀረው ለሁለት ተከፈለ፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከሉን ወላይታ ሶዶ፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆሳዕና አደረገ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች ቢሮ የነበረችው ሀዋሳ የአንድ ክልል መቀመጫ ሆነች። የተዘዋወረው ሠራተኛ ደመወዝተኛ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤት የሚከራይ፣ ልጅ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ፣ ብዙው ደግሞ በማኅበር ተደራጅቶ የራሱን ቤት የሠራ። የእሱ መውጣት በሕዝብ ቁጥር ላይ ትንሽ፣ በገንዘብ ዝውውር ላይ ትልቅ ነው።

ደግሞም ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም። በሥራዬ የማየው አንድ ነገር አለ፤ አባወራው ሆሳዕና ወይም ሶዶ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይሠራል፣ ባለቤቱና ልጆቹ ሀዋሳ ቀርተዋል፣ ዓርብ ማታ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ የሠሩት ቤት ይዟቸዋል። ቆጠራ ቢደረግ ይህ ሰው የት እንደሚቆጠር መልስ መስጠት ለእኛ ለባለሙያዎቹም ራስ ምታት ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ቤተሰቡ ይከተለዋል ወይስ እሱ ይመለሳል? ሦስትና አራት ዓመት እንጠብቅ። በእነሱ ፈንታ ከየወረዳው ለሲዳማ ክልል ቢሮዎች የመጡ ሠራተኞች አሉ፤ የሥራ ቋንቋው ሲዳምኛ መሆኑም ማን ለመቀጠር እንደሚመጣ ለውጦታል። ብዙዎቹ ግን ቤተሰባቸው ከሀዋሳ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ስላለ ከተማ ውስጥ ቤት ለመያዝ አይቸኩሉም።

ስለ መውጣት ካነሳን በሰኔ 2010 እና በሐምሌ 2011 የደረሱትን ግጭቶች መዝለል አይገባም። ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፤ በተለይ በ2010ሩ በርካታ የወላይታ ተወላጆች ከተማዋን ለቀው ወጥተዋል። የተመለሱ አሉ። ያልተመለሱም፣ በኋላ የሚመጡትን ዘመዶቻቸውን ወደ ሶዶ ወይም ወደ አዲስ አበባ የመሩም አሉ። የሰው ፍልሰት በዘመድ ጥሪ የሚሄድ ነው፤ ጠሪው ከሌለ የሚጠራው አቅጣጫ ይቀይራል። ብዙ ሰው «የጌዴኦና የጉጂ ተፈናቃይ ሀዋሳን ሞላት» ሲል እሰማለሁ፤ በ2010 ከዚያ ግጭት የተፈናቀለው አንድ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝብ በአብዛኛው የተጠለለው እዚያው ጌዴኦና ምዕራብ ጉጂ ነበር፤ ሀዋሳ የደረሰው ጥቂቱ ነው።

ዳቶ ስላሉ ስለ መሬቱ አቀማመጥ አንድ ነገር ልበል። ሀዋሳ በምዕራብ በኩል ሐይቁ አለባት፤ አትሰፋም። በሰሜን ጥቁር ውኃን አልፋ የኦሮሚያ ወሰን ላይ ትቆማለች። የቀራት ደቡብና ምሥራቁ ነው። ስለዚህ ከላይ «ወሰን ሲያሰፋ» ያልኩት ሦስተኛው የዕድገት መንገድ የሚካሄደው እናንተ ባላችሁበት ጎን ነው። እዚያ ካሉት አዳዲስ «የከተማ ነዋሪዎች» ብዙዎቹ የትም አልሄዱም፤ እንሰታቸው መካከል ቁጭ ብለው ነው ከተማው መጥቶ ያገኛቸው። በአንድ በኩል ይህ ለእርስዎ ጥሩ ነው፤ ከመሐል ከተማ ኪራይ የሸሸ ሰው ወደ ዳርቻ ይወጣል። በሌላ በኩል ግን ዳርቻው ላይ እርስዎ ብቻዎን አይደሉም፤ ከገበሬ መሬት የገዛው ሁሉ፣ ካርታ ያለውም የሌለውም፣ ሰርቪስ ነው የሚሠራው። የክፍል ቁጥር ከሰው ቁጥር በላይ እየፈጠነ ያለበት ሰፈር ካለ እሱ የዳርቻው ሰፈር ነው።

ይህን ደግሞ ቆጠራ ሳይጠብቁ በራስዎ ማጣራት ይችላሉ። ቀበሌ ሄደው የነዋሪ ቁጥር ቢጠይቁ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ ተከራይ ከመጣበት መሸኛ ይዞ የሚመጣው ለመታወቂያ ሲቸግረው ብቻ ነው፣ ሲሄድም ማንም አይሰርዘውም። የመብራት ቆጣሪም ያታልላል፤ አንድ ቆጣሪ ለስምንት ክፍል ይከፋፈላል። ከሁለቱም የሚሻለው የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ነው፤ በሰፈርዎ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ባለፉት አራት አምስት ዓመታት የመዘገባቸውን ልጆች ይጠይቁ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ቤተሰብ ይዞ የሚቆይ ሰው እየሰፈረ ነው። ካልጨመረ የሚመጣው ነጠላ ወጣት ነው። ከሁሉ በላይ ግን በዙሪያዎ ያሉትን አከራዮች አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «የመጨረሻው ተከራይ ከለቀቀ በኋላ ክፍሉ ስንት ቀን ባዶ ቆየ?» የኪራዩን ዋጋ ሁሉም ያጋንንልዎታል፤ ባዶ የቆየበትን ቀን ግን እውነቱን ይነግሩዎታል፤ ማማረር ይወዳሉና። ጥያቄውን በሁለት ወቅት ይጠይቁ። በመስከረም ለጊፋታ፣ ለያሆዴና ለመስቀል አገር ቤት የሄደ ሁሉ አይመለስም፤ ባዶ ክፍል የሚበዛው ያኔ ነው። በክረምት ደግሞ ትምህርታቸውን ለማሻሻል የሚመጡ መምህራን ለሁለት ወር ቤት ይፈልጋሉ። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ሌላውን ተማሪ ብዙ አይጠብቁ፤ የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 3.3 በመቶ ብቻ ካሳለፈ ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገባው ተማሪ ድሮ የነበረው አይደለም፣ የሚገባውም ዶርም አለው።

እንግዲህ ስድስቱን ክፍል ይሥሩ ወይስ ይቅርብዎ? እኔ ብሆን እሠራለሁ፤ ግን ስድስቱንም በአንድ ብድር አይደለም። ሦስቱን አስቀድሜ እሠራና አንድ መስከረም እስኪያልፍ አያለሁ። የምሠራውም ከላይ ያልኩት የመሬት ጥበት ለሚገፋው ሰው ነው፦ ለደባል የሚበቃ ስፋት፣ የተለየ መግቢያ፣ ከሁሉ በፊት ውኃ። በዳርቻው ሰፈሮች ተከራይ የሚያባርረው ከኪራዩ ይልቅ የውኃ መጥፋት ነው፤ ሮቶ የሌለው ግቢ በበጋ ይራቆታል። ለቢሮ ሠራተኛ ብለው ሴራሚክና ሁለት መኝታ ውስጥ አይግቡ፤ በዚያ ደረጃ ያለው ቤት አሁንም ከሚፈልገው ሰው ይበዛል። ግንባታ ከመጀመርዎ በፊት የአባትዎ ግቢ ካርታ በትክክል ያላቸው መሆኑንና የመንገድ ማስፋፊያ እንደማይነካው በክፍለ ከተማው ያረጋግጡ።

ለባንኩ በሚያቀርቡት ስሌት ላይ ሁለት ነገር ያስገቡ። የዓመቱን ገቢ ሲያስሉ የወሩን ኪራይ በአሥራ ሁለት አያባዙ፤ በአሥር ያባዙት። ሁለተኛው፣ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ተግባራዊ በሚሆንባቸው ከተሞች ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆንና አከራዩ እንደፈለገ እንዳይጨምር ያስገድዳል። «ኪራዩን በየስድስት ወሩ እጨምራለሁ» ብለው ብድሩን በዚያ ተስፋ ካስቀመጡት፣ አዋጁ ሰፈርዎ የደረሰ ቀን ስሌቱ ይበላሻል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር በሚያገኙት ኪራይ ብቻ ብድሩ ተከፍሎ የሚያልቅበትን ዓመት ያስሉ፤ ከሰባት ዓመት ከበለጠ ሦስቱም ክፍሎች ይቆዩ።